ቃል የሚፈታው በተጻፈበት ነው ወይስ በተጠራበት?

በ1894 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በተፈራረሙት የወሰን ውል ውስጥ፣ ለእኛ ለባሮ ዳር ሰዎች ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ የሚነካን አንድ አንቀጽ አለ፤ እርሱም አራተኛው ነው። በዚህ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ወንዝ ዳር፣ የዳርቻው ርዝመት ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ ይሆን ዘንድ በኪራይ ለመስጠት ተስማሙ። ጣቢያው ኋላ የቆመው ጋምቤላ ላይ ሲሆን፣ ክረምት ገብቶ ባሮ በሞላ ቁጥር ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች እየደረሱ ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ስለ ንግዱ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ዛሬ የምንፈልገው ግን በአንቀጹ ውስጥ ያለችውን አንዲት ሐረግ ነው። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው ትላለች።

ይህች ሐረግ ባትጻፍ ኖሮስ? «የሱዳን መንግሥት» የሚለው ስም በ1902 የሚያመለክተው አንድ ነገር ነበር። ሱዳን ነጻ ከወጣችበት ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1956 ወዲህ ሌላ ነገር ሆነ። ከጁላይ 2011 ወዲህ ደግሞ ከወሰናችን ማዶ ያለችው አገር ደቡብ ሱዳን ናት። እንግዲህ አንድ ሰው ውሉን በ1956 አንሥቶ ስሙን በዚያን ዕለት በነበረው ትርጉም ቢፈታው ተከራዩ አዲሱ ነጻ መንግሥት ይሆናል፤ በተጻፈበት ዕለት በነበረው ትርጉም ቢፈታው ግን ተከራዩ የለም። የውሉ ጸሐፊዎች ክርክሩን አስቀድመው ስላሰቡት ስሙን በዘመናቸው ትርጉም ላይ ቸነከሩት። ጣቢያውም በዚያው በ1956 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተከተለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልን። ይህንን ማስታወቂያ ያለ ምክንያት አላስገባነውም።)

አንድ ስም ትርጉሙን ከተጻፈበት ቦታ ይውሰድ ወይስ ከተጠራበት ቦታ የሚለው ጥያቄ የሕግ ሰዎች ብቻ አይደለም። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲከራከሩበት ኖረዋል። የፊተኛውን «ሌክሲካል ስኮፕ»፣ የኋለኛውን «ዳይናሚክ ስኮፕ» ይሉታል። እኛ እዚህ ላይ የጽሕፈት ግዛትና የጥሪ ግዛት እንላቸዋለን። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በሰው ሙያ ምን ጥልቅ አደረጋችሁ የሚለን ቢኖር፣ ነገሩ ከሁሉ አስቀድሞ የቃልና የትርጉም ነገር ነውና ድርሻችንን አንለቅም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ብዙ ሰው ሊገለገልባቸው የሚችሉ ተግባሮችን (እነርሱ «ፋንክሽን» ይሏቸዋል) አሰባስበው ሲያዘጋጁ፣ ስብስቡ «ላይብረሪ» ይባላል። አንድ ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ ቀን የሚጽፍ ላይብረሪ አዘጋጀ እንበል፦

አቆጣጠር ይሁን «የኢትዮጵያ»
ተግባር ቀን_ጻፍ (ዕለት)፦ ዕለትን በአቆጣጠር መሠረት ጽፈህ መልስ

ጋምቤላ ያለ ሌላ ሰው ላይብረሪውን ወስዶ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

አቆጣጠር ይሁን «የአውሮፓ»
ቀን_ጻፍ (ዛሬ)

ምን ይታተማል? በጽሕፈት ግዛት የሚተዳደር ቋንቋ ቢሆን፣ በተግባሩ ውስጥ ያለው «አቆጣጠር» ተግባሩ በተጻፈበት ገጽ ላይ ያለው ነው፤ ስለዚህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታተማል። ጋምቤላ ላይ የተጻፈው «አቆጣጠር» ለእርሱ ሞክሼው ነው እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም፤ ሁለት አበበዎች በአንድ ክፍል ቢማሩ የአንዱ ውጤት ለሌላው እንደማይሰጥ ሁሉ። በጥሪ ግዛት የሚተዳደር ቋንቋ ቢሆን ግን ተግባሩ ስሙን ሲያገኝ «አሁን ማን ጠራኝ? እርሱስ አቆጣጠርን ምን ብሎታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ በአውሮፓም አቆጣጠር ይታተማል። ጠሪውን የጠራው፣ እርሱንም የጠራው እየተባለ ስሙ እስኪገኝ ድረስ ወደ ላይ ይኬዳል።

ሲያዩት የጥሪ ግዛት የዋህና ታዛዥ ይመስላል፤ ለእንግዳ እንደ አገሩ ልማድ የሚያቀርብ አስተናጋጅ ነው። በመጀመሪያ የመጣውም እርሱ ነው። ጆን መካርቲ በ1958 ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ሲጀምር፣ ስሞች በጥሪ ግዛት ይፈቱ ነበር። ይህም ተመክሮበት የተደረገ አልነበረም። ጄምስ ስሌግል የተባለ ተመራማሪ አንድን ተግባር ለሌላ ተግባር አሳልፎ የሚሰጥ ፕሮግራም ጽፎ ያልተጠበቀ መልስ በማግኘቱ አቤት አለ። መካርቲ ነገሩን እንደ ተራ ስሕተት ቆጥሮ ስቲቭ ራስል በቶሎ ያስተካክለዋል ብሎ እንደ ነበር ኋላ ራሱ የቋንቋውን ታሪክ ሲጽፍ ገልጿል። ሆኖም ተራ ስሕተት አልነበረም።

የስሌግልን ችግር በእኛ አገር ጉዳይ እንተርጉመው። አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ዕድሜያቸው ከ9 ወር የሚበልጡትን ሕፃናት ከዝርዝር ለይቶ ማውጣት ፈለገ፤ በአገራችን የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ነውና። «ወሰን ይሁን 9» ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎም «ዕድሜው ከወሰን ይበልጣል?» የምትል ትንሽ ተግባር ሠራና ከላይብረሪው ለወሰደው «ምረጥ» ለተባለ ተግባር አስረከባት። «ምረጥ» ዝርዝሩን አንድ በአንድ እያነሣ ትንሿን ተግባር ይጠይቃል። ነገር ግን የ«ምረጥ» ደራሲ በበኩሉ፣ ዝርዝሩ ስንት ሰው እንደ ያዘ ለማስታወስ በውስጥ አንድ ስም ያስፈልገው ነበርና እርሱንም «ወሰን» ብሎታል። ዝርዝሩ 200 ሕፃናት ያሉበት ነው እንበል። በጥሪ ግዛት ትንሿ ተግባር የተጠራችው በ«ምረጥ» ቤት ውስጥ ስለ ሆነ «ወሰን» የምትለው 200 ይሆናል። እንግዲህ የምትፈልገው ዕድሜው ከ200 ወር የሚበልጥ ሕፃን ነው! ኮምፒዩተሩ አይጮኽም፤ ስሕተት አለ አይልም፤ ባዶ ዝርዝር ብቻ ያወጣል። ሠራተኛውም በዚህ ሳምንት የሚከተብ ሕፃን የለም ብሎ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ብዙ ጸሐፊዎች የሚያልፉት ለላይብረሪ ደራሲ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነውና። በጥሪ ግዛት ሥር ደራሲው በጓዳው የሚጠቀምበት ስም ሁሉ አደባባይ የወጣ ነው። ነገ «ወሰን» የሚለውን ትቶ «ብዛት» ቢለው የአንዱ ፕሮግራም ይድናል፤ በውስጡ «ብዛት» የሚል ስም የነበረው የሌላው ይታመማል። ደራሲው ግን ያደረገው አንዳች የሥራ ለውጥ የለም። የጓዳ ስም መለወጥ የማይችል ደራሲ ላይብረሪውን ማሻሻል አይችልም፤ ተጠቃሚውም የማያውቀውን ሰው ጓዳ ካልመረመረ በቀር የራሱን ፕሮግራም ማመን አይችልም። በተለይም ተግባርን እንደ ዕቃ እያቀባበሉ በሚሠሩት፣ «ፋንክሽናል» በሚባሉት ቋንቋዎች ውስጥ ሥራው ሁሉ ተግባርን ለተግባር መስጠት ስለ ሆነ በየእርምጃው ይህ አደጋ አለ።

የተገኘው መፍትሔ ተግባርን ከነስንቁ መላክ ነው። ትንሿ ተግባር ከቤቷ ስትወጣ «ወሰን ማለት 9 ነው» የሚለውን ቋጥራ ትይዛለች፤ በማንም ቤት ብትጠራ ከስንቋ ትበላለች። ራስል ለስሌግል የሠራለት ዘዴ ወደዚህ ያዘነበለ ነበር። ፒተር ላንዲን የተባለው እንግሊዛዊ በ1964 ለእንዲህ ያለው ተግባር «ክሎዠር» የሚል ስም ሰጠው። ጀራልድ ሳስማንና ጋይ ስቲል በ1975 ስኪም የተባለውን ቋንቋ ሲያወጡ የሊስፕን ቤተሰብ ወደ ጽሕፈት ግዛት አሻገሩት፤ ኮመን ሊስፕም በ1984 ተከተላቸው።

ይህ ስንቅ ይዞ የመሄድ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ መሆን የለበትም። «ኡጁሉ ነገ ወደ ኢታንግ እሄዳለሁ አለ» ብንል፣ ሄያጁ ማን ነው? ኡጁሉ ነው እንጂ እኛ አይደለንም። ቃሉ «እሄዳለሁ» እያለ፣ የምንናገረውም እኛ ሆነን ሳለ፣ «እኔ» ባዩ ኡጁሉ ነው። ቃሉ ከኡጁሉ አፍ ሲወጣ የያዘውን ስንቅ በእኛ አፍም ውስጥ አልጣለውም። እንግሊዝኛ ያለ ጥቅስ ምልክት ይህን አይፈቅድም፤ በእርሱ ዘንድ «እኔ» ሁልጊዜ አሁን የሚናገረው ሰው ነው። ዴቪድ ካፕላን የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1977 ባዘጋጀውና በ1989 በታተመው ጽሑፉ፣ የ«እኔ»ን ባለቤት ሊያዛውር የሚችል ቃል በእንግሊዝኛ የለም፣ ሊኖርም አይችልም በማለት እንዲህ ያለውን ፍጡር «ጭራቅ» ብሎ ሰየመው። ፊሊፕ ሽሌንከር የተባለው የቋንቋ ሊቅ ግን በ2003 ለጭራቆች ጥብቅና ቆሞ ሲጽፍ፣ ከዋነኞቹ ምስክሮች አንዱ አድርጎ ያቀረበው የእኛኑ አማርኛ ነው። በየቤታችን ቀኑን ሙሉ የምንለው «አለ» በፈላስፎች ዘንድ ጭራቅ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ደግሞም አማርኛ በአንድ በኩል ብቻ አልቆመም። «ኡጁሉ ወንድሜ ይመጣል አለ» ብንል ወንድሙ የኡጁሉ ሊሆን ይችላል፤ የእኛም ሊሆን ይችላል። ሰሚው ከሁኔታው ይፈርዳል። ሰው ይፈርዳል፤ ኮምፒዩተር ግን መፍረድ አይችልምና አስቀድሞ አንዱን ደንብ ሊነግሩት ያስፈልጋል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ለጽሕፈት ግዛት ያደላ ነው። ሆኖም ሌላውም ወገን ሊሰማ ይገባዋል። «እዚህ»፣ «ዛሬ»፣ «አሁን» የሚሉትን ቃላት በተጻፉበት ቦታ ለዘለዓለም መቸንከር የሚፈልግ ማን ነው? ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ የሠራው ሪቻርድ ስቶልማን በ1981 ባወጣው ጽሑፍ ለጥሪ ግዛት ተከራክሯል። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ደራሲው ተጠቃሚው ምን መለወጥ እንደሚፈልግ ሁሉን አስቀድሞ ማወቅ አይችልም፤ በጥሪ ግዛት ከሆነ ግን ተጠቃሚው አንዱን ስም ለጊዜው በሌላ ትርጉም ይዞ የቆየውን ተግባር ቢጠራ፣ ሳያፈርሰው እንደ ፈቃዱ ያሠራዋል። በእኛ አስተያየት ይህ ክርክር አንድ ሰው የሁሉ ጌታ ሆኖ ለሚቀመጥበት ለጽሑፍ ማዘጋጃ ይስማማል፤ እርስ በርሳቸው ለማይተዋወቁ ሰዎች ለሚዘጋጅ ላይብረሪ ግን አይበቃም። ኢማክስም ራሱ በ2012 ለሚፈልገው ሰው የጽሕፈት ግዛትን ፈቅዷል።

ከስቶልማን ክርክር የሚተርፍ አንድ ቁም ነገር ግን አለ። ከላይ ያለው ተግባር ካርዱ በምን ቋንቋና በምን አቆጣጠር እንደሚታተም ያውቃል፤ ከታች ያለው፣ ቀኑን የሚጽፈው፣ ይህን ማወቅ ይፈልጋል። በመካከል ዐሥር ተግባሮች አሉ፤ እነርሱን ጉዳዩ አይመለከታቸውም። ሁሉን በእጅ እናቀብል ካልን ዐሥሩም የማያነቡትን ደብዳቤ ተሸክመው ሊኖሩ ነው። ሃስኬል የተባለው ቋንቋ በመሠረቱ ይህንኑ መርጦ፣ ሸክሙን የሚያቀልባቸውን ብልሃቶች አበጅቷል። ኮመን ሊስፕ ደግሞ ማናቸውም ስም በጽሕፈት ግዛት ይኑር፣ በጥሪ ግዛት እንዲፈታ የሚፈለገው ግን ተለይቶ ይታወጅ አለ። ጸሐፊዎቹም በልማድ እንዲህ ያለውን ስም ከፊትና ከኋላው የኮከብ ምልክት ያደርጉበታል፤ በቀልድ «የጆሮ መሸፈኛ» ይሉታል። አንባቢ ኮከቡን ሲያይ «ይህ ስም ከጠሪው ጋር ይለወጣል» ብሎ ያውቃል። እኛ የምንደግፈው ይህንን ነው። በጥሪ ግዛት የሚፈታ ስም ክፋቱ ሳይታወጅ ሲቀር ነው፤ እኛም ስለ ዓመቶቹ ከላይ በቅንፍ ያስጠነቀቅነው ስለዚህ ነበር።

አሁን ወደ ቀን ላይብረሪያችን እንመለስ። በጋምቤላ ክልል በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጄዊ፣ በንጉኝየል መጠለያዎች ከደቡብ ሱዳን የመጡ ብዙ ስደተኞች ይኖራሉ። የአንዲት እናት እጅ ላይ ባለ ካርድ የልጁ ልደት «5/3/2017» ተብሎ ቢጻፍ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 5 ቀን ነው፤ በአውሮፓ ኖቬምበር 14 ቀን 2024 ማለት ነው። ያው ጽሕፈት በአውሮፓ አቆጣጠር ሲነበብ ግን ማርች 5 ቀን 2017 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አለ። አንደኛው ንባብ ሕፃኑን ክትባት ተራ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ያስገባዋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «በ2 ሰዓት ይውሰድ» የተባለ መድኃኒት ለእኛ ጧት ነው፤ የእንግሊዝን ሰዓት ለለመደ ሰው ከቀትር በኋላ ነው።

እንግዲህ ላይብረሪው የትኛውን ደንብ ይያዝ? መልሱ በአንድ ላይብረሪ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ መኖሩን ማስተዋል ነው። «ካርድ_ጻፍ» ለሰው ዓይን የሚሠራ ስለ ሆነ አቆጣጠሩን ከጠሪው ቢወስድ ተገቢ ነው፤ ካርዱን የሚያነበው ማን እንደ ሆነ የሚያውቀው ጠሪው ነውና። «ዕድሜ_ቁጠር» ግን አቆጣጠርን ከጠሪው ፈጽሞ መውሰድ የለበትም። ሕፃኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢጠየቅም በአውሮፓ ቢጠየቅም የኖረው ቀን ያው ነው። ስለዚህ ወደ እርሱ የሚገባ ልደት ሁሉ በምን አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ከነስንቁ ይዞ መግባት አለበት። አንዳንድ ላይብረሪዎች ሁለቱንም ሥራ በአንድ አጠቃላይ ስም ላይ ስለሚያንጠለጥሉ፣ የካርዱን መልክ ለመለወጥ የተነካው ስም ዕድሜውንም ይለውጣል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ብዙ ፋንክሽናል ቋንቋዎች ሥራን እስኪፈለግ ድረስ ያዘገያሉ፤ «የ200 ካርዶች ዝርዝር አዘጋጅ» ቢባሉ ዝርዝሩን ሳይሆን ዝርዝሩን ለማዘጋጀት የገቡትን ቃል ይመልሳሉ። በክሎዠር ቋንቋ (ሪች ሂኪ በ2007 ሲያወጣው በላንዲን ቃል ላይ ተጫውቶ የሰየመው ነው) አንድ ሰው «ለጊዜው አቆጣጠር የኢትዮጵያ ይሁን» ብሎ ዝርዝሩን ቢያዝ፣ «ለጊዜው» የተባለው ጊዜ የሚያበቃው ትእዛዙ ሲመለስ ነው። ካርዶቹ በእርግጥ የሚጻፉት ግን ኋላ፣ ማተሚያው ሲጠይቃቸው ነው። በዚያን ሰዓት «የኢትዮጵያ» ያለው የለም፤ ስሙ ወደ ነባሩ ትርጉም ተመልሷል። ሥራው ለሌላ ሠራተኛ ተላልፎ በጎን ሲከናወንም ይኸው ሊደርስ ይችላል። ኪራዩ ካበቃ በኋላ ጣቢያው የደረሰ መርከብ ማለት ነው። ለዚህም ክሎዠር ተግባሩ ከመላኩ በፊት የጠሪውን ሁኔታ ቋጥሮ የሚያስይዝ መሣሪያ አለው፤ ነገር ግን መሣሪያውን ማንሣት ያለበት ሰው አደጋውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። የላይብረሪ ደራሲ ዝርዝር ለመመለስ ሲያስብ ወይ ዝርዝሩን ሠርቶ ይጨርስ፣ ወይ ስንቁን ያስይዝ እንላለን።

ስንቅ ማስያዝም ቢሆን በራሱ ሁሉን አይፈታም። ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ተብሎ ወደ ናስር ሲወርድ እስከ 2021 መጀመሪያ ድረስ በዚህም በዚያም ሰዓቱ አንድ ነበር። ደቡብ ሱዳን በፌብሩወሪ 1 ቀን 2021 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች። «የጁባ ሰዓት ማለት ይህን ያህል ነው» ብሎ ቁጥሩን በላይብረሪው ውስጥ የቸነከረ ደራሲ ለ2020 ትክክል፣ ለዛሬ ስሕተት ሆነ፤ ቁጥሩን አርሞ በአዲሱ የቸነከረም ለዛሬ ትክክል፣ ለ2020 ስሕተት ነው። ስለዚህ የዓለም የሰዓት ሰንጠረዥ አዘጋጆች ቁጥሩን ትተው «አፍሪካ/ጁባ» የሚለውን ስም እንዲያዝ አደረጉ፤ በስሙ ሥር ለውጦቹ ከነቀናቸው ተመዝግበዋል። ስሙ የሚቸነከረው ላይብረሪው ሲጻፍ ነው፤ ቁጥሩ የሚወሰነው ግን ነገሩ በተፈጸመበት ዕለት ነው። በ2020 ናስር ላይ የተወለደ ሕፃን የልደት ሰዓት ዛሬ ጋምቤላ ላይ ሲታተም፣ የምትጠየቀው የዛሬዋ ጁባ ሳትሆን የ2020ዋ ጁባ ናት።